የሜሪት ስኮላርሺፕ ከሊበራል አርትስ ኮሌጆች፦ ከኮሌጅ መረጣ እስከ ይግባኝ ደብዳቤ

ታላቋ ልጄ ካመለከተችባቸው ዘጠኝ ኮሌጆች ስድስቱ ለጎበዝ ተማሪ ብለው አንድ ዶላር እንኳ እንደማይሰጡ ያወቅነው በማርች መጨረሻ፣ የመቀበያ ደብዳቤ ከደረሰን በኋላ ነው። እኔና እናቷ ዓመቱን ሙሉ «በዚህ ውጤት ስኮላርሺፕ አይቀርላትም» ስንባባል ከርመናል። ደብዳቤው መጣ፣ ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ ማታ የክፍያውን ወረቀት ከፍተን ስናይ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ኮሌጁ አላታለለንም። ሜሪት፣ ማለትም የቤተሰብን አቅም ሳይሆን የተማሪውን ጉብዝና አይቶ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ፣ እንደሌለው በድረ ገጹ ላይ በግልጽ ጽፎታል፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

ከአራት ዓመት በኋላ የታናሽ ወንድሟ ተራ ሲደርስ ከሌላው ጫፍ ጀመርን። «የትኛው ኮሌጅ ይቀበለዋል?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ አስቀርተን «የትኛው ኮሌጅ እሱን ለማምጣት ገንዘብ ያወጣል?» ብለን ጠየቅን። የሁለቱ መልስ በጣም ይለያያል። ሜሪት ስሙ ሽልማት ይምሰል እንጂ በተግባር ኮሌጁ የፈለገውን ተማሪ ከሌላ ኮሌጅ ቀድሞ ለመውሰድ የሚያደርገው ቅናሽ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

እዚህ አሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የምንላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ተማሪ ያላቸው፣ በባችለር ዲግሪ ላይ ያተኮሩ፣ ክፍሉ ትንሽ ሆኖ ፕሮፌሰሩ ራሱ የሚያስተምርባቸው ኮሌጆች ናቸው። ከወላጅ የምሰማው ቅሬታ «ስሙን ማን ያውቀዋል?» የሚል ነው። ኮፊ አናን በ1961 የተመረቁት ከማካሌስተር፣ ሚኒሶታ ውስጥ ካለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። መምህራንና ቀጣሪዎች እነዚህን ኮሌጆች ያውቋቸዋል።

1. ሦስቱን ዓይነት ኮሌጆች ለዩ

የመጀመሪያው ዓይነት እርዳታውን ሁሉ በቤተሰብ አቅም ብቻ መዝኖ የሚሰጥ ነው። ዊሊያምስ፣ አምኸርስት፣ ፖሞና፣ ዌልስሊ፣ ሃቨርፎርድ፣ ቫሳር፣ ሚድልበሪ፣ ባርናርድ እዚህ ይመደባሉ። ሃሚልተን ኮሌጅ ድሮ ሜሪት ይሰጥ ነበር፤ በ2007 መስጠቱን እንደሚያቆም አስታውቆ ገንዘቡን አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች አዞረው። እነዚህ ኮሌጆች ደጃፋቸው የሚሰለፈው ሁሉ ጎበዝ ነው፤ ተማሪ ለመሳብ ቅናሽ አያስፈልጋቸውም። ልጃችሁ ሙሉ ኤ ቢኖራትም፣ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 1580 ብታመጣም እዚያ ሜሪት አትጠብቁ።

ሁለተኛው ዓይነት ጥቂት ግን ትልልቅ ስኮላርሺፖችን በውድድር የሚሰጥ ነው። ቨርጂኒያ ያለው ዋሽንግተን ኤንድ ሊ በ2007 ባገኘው 100 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ የቆመው ጆንሰን ስኮላርሺፕ ትምህርቱን፣ መኝታውንና ምግቡን ይሸፍናል፤ በየዓመቱ ከሚገቡት ተማሪዎች 10 በመቶ ያህሉ ያገኙታል። ሰሜን ካሮላይና ያለው ዴቪድሰን ኮሌጅ ቤልክ የሚባለውን ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲም ሪችመንድ ስኮላርስ የሚል አለው። የእነዚህ ውድድር ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተለየ ጽሑፍ፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤት ጥቆማ ይጠይቃል። ዕጣ እንደመቁረጥ ቁጠሯቸው፤ አንድ ሁለቱን ሞክሩ እንጂ ተስፋችሁን ሁሉ አትጣሉባቸው።

ሦስተኛውን ዓይነት በደንብ ዕወቁት። ቅናሹን ለብዙ ተማሪ የሚያደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ የሚሰጥ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ዴኒሰን፣ ኬንየን፣ ኦበርሊንና ዉስተር፤ አዮዋ ውስጥ ግሪኔል፤ ሚኒሶታ ውስጥ ማካሌስተርና ሴንት ኦላፍ፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ላፋዬትና ዲክንሰን፤ ኬንታኪ ውስጥ ሴንተር፤ ቴነሲ ውስጥ ሮድስ፤ በምዕራብ ዊትማን። ካርታውን ተመልከቱ። ግሪኔል ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሀብት ክምችት አለው፤ ገንዘብ ከሚቸግራቸው አይደለም። የሚገኘው ግን በአዮዋ የበቆሎ እርሻ መሀል ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ የቦስተንን ወይም የዋሽንግተንን ልጅ እዚያ ድረስ ለማምጣት ምክንያት መስጠት አለበት። ከባሕር ዳርቻዎቹ በራቃችሁ ቁጥር ሜሪቱ ይሰፋል።

ለሴት ልጆች አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሴቶች ኮሌጆች ዌልስሊና ባርናርድ ሜሪት አይሰጡም፤ ማውንት ሆልዮክ፣ ስሚዝ፣ ብሪን ማርና ስክሪፕስ ይሰጣሉ። ልጃችሁ ሯጭ ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች የሚወዳደሩት ዲቪዥን 3 በሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ምድብ መሆኑን ዕወቁ፤ በዚህ ዲቪዥን የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት በኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ደንብ የተከለከለ ነው። አሠልጣኙ ለመግባት ሊረዳ ይችላል፤ በእግር ፍጥነት ግን ገንዘብ አይገኝም። ዴቪድሰን፣ ሪችመንድና ላፋዬት በዲቪዥን 1 ስለሚወዳደሩ ለነሱ ነገሩ ሌላ ነው።

2. ሜሪት የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። የቤተሰባችሁ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ በአቅም የሚሰጠው እርዳታ ከማንኛውም ሜሪት ሊበልጥ ይችላል። ሁለት ልጅ ይዛ በአንድ ደመወዝ የምትኖር እናት ልጇን አምኸርስት ብታስገባ የምትከፍለው ሜሪት ሰጠኋችሁ ከሚለው ኮሌጅ በብዙ ያንሳል። ሜሪት ዋና ጉዳይ የሚሆነው መሀል ላለው ቤተሰብ ነው፦ እሷ ነርስ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ቤት ገዝተዋል፣ ለአዲስ አበባም ወር በወር ይልካሉ። ፎርሙ ላይ «ሙሉውን መክፈል ይችላሉ» ይባላሉ፤ ጓዳቸው ግን እንደዚያ አይልም።

ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ የሚነግራችሁ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር፣ ማለትም ገቢና ሀብታችሁን ስታስገቡ የምትከፍሉትን የሚገምት ማስሊያ ነው። ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጠው የፌደራል ሕግ ያስገድዳል። የታክስ ወረቀታችሁን፣ የባንክ ሒሳባችሁንና የቤታችሁን ግምት ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ለአንድ ኮሌጅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቢያንስ ለአምስት ኮሌጆች አድርጉት፤ ውጤቱ ከኮሌጅ ኮሌጅ በአሥር ሺዎች ሊለያይ ይችላል። አንዱ ምክንያት ቤት ነው። ፋፍሳ የሚባለው የፌደራል መንግሥት የእርዳታ ፎርም የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም፤ ብዙዎቹ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ሌላ ፎርም ግን ቤቱ ውስጥ ያጠራቀማችሁትን ሀብት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ኮሌጅ ይቆጥረዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል።

የሚታየው ገቢ የሁለት ዓመት በፊቱ ነው። ልጁ በ2026 መጸው ኮሌጅ ቢገባ የሚመረመረው የ2024 ገቢ ነው። በዚያ ዓመት ኦቨርታይም ስትሠሩ ከርማችሁ አሁን ከቀነሳችሁ ለብቻው ማስረዳት ይኖርባችኋል። የባንክ ሒሳብ ግን የሚጠየቀው ፎርሙን በፈረማችሁበት ቀን ያለው ነው። እቁብ የደረሳችሁ ሳምንት ፎርም ብትሞሉ ያ ገንዘብ ሁሉ እንደ ጥሪት ይቆጠራል፤ ገና ሃያ ወር የምትከፍሉት ዕዳ መሆኑን ፎርሙ አያውቅም። መደበቅ አይገባም። በሲኤስኤስ ፕሮፋይል ላይ ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እቁብ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደቀራችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለወላጆቻችሁ የምትልኩትንም እዚያው፣ ከደረሰኙ ጋር።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ሆኖ ልጃችሁ እጅግ ጎበዝ ከሆነ ከሜሪት በፊት ክዌስትብሪጅን ተመልከቱ። ከብዙ ምርጥ ኮሌጆች ጋር ተማሪን እያዛመደ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ፕሮግራም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ዜግነቱ ምንም ቢሆን ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው በሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘጋል። ፖሲ ፋውንዴሽን ደግሞ በአመራር ችሎታ መርጦ ሙሉ የትምህርት ክፍያ ያሰጣል፤ ዋሽንግተን ዲሲና አትላንታ ከሚሠራባቸው ከተሞች ውስጥ ናቸው። ለፖሲ ልጁ ራሱ አያመለክትም፤ ትምህርት ቤቱ ወይም የማኅበረሰብ ድርጅት ነው የሚጠቁመው። ስለዚህ ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ሄዳችሁ «ፖሲ ላይ ትጠቁማላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ወላጆቻችን አማካሪውን አንድ ቀን እንኳ ሳያገኙት ልጁ ይመረቃል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

3. ኮመን ዳታ ሴትን ማንበብ ተማሩ

ኮሌጆች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄዎችን እየመለሱ የሚያወጡት ሰነድ አለ፤ ኮመን ዳታ ሴት ይባላል። የኮሌጁን ስም ከዚህ ስም ጋር ጽፋችሁ ብትፈልጉ ይገኛል። ረጅም ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ቦታ ብቻ ነው።

ክፍል ኤች ውስጥ ኤች2 የሚለውን ሰንጠረዥ አውጡ። መስመር ኤ የአዲስ ተማሪዎችን ቁጥር፣ መስመር ሲ ከነሱ መካከል እርዳታ ያስፈልጋቸዋል የተባሉትን ይነግራችኋል። ሲን ከኤ ብትቀንሱ «ሙሉ መክፈል ይችላሉ» የተባሉት ይቀራሉ። ቀጥሎ ኤች2ኤ ላይ መስመር ኤን እነዚህ መክፈል ይችላሉ ከተባሉት ውስጥ ሜሪት ያገኙትን ቁጥር፣ መስመር ኦ ደግሞ አማካይ መጠኑን ይሰጣል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ኮሌጅ 500 አዲስ ተማሪ አለው፤ 260ው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል፤ 240 ቀሩ። መስመር ኤን 120 ይላል፣ መስመር ኦ 24,000 ዶላር። ከሁለት አንዱ 24,000 ያህል አግኝቷል ማለት ነው። ሌላ ኮሌጅ ደግሞ እርዳታ የማያስፈልጋቸው 200 ሆነው መስመር ኤን 10፣ መስመር ኦ 50,000 ይላል። የሁለተኛው መጠን ዓይን ይስባል፤ ግን ከሃያ አንድ ነው የሚያገኘው። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም «ለጋስ የሜሪት ስኮላርሺፕ» ብለው ነው የሚጽፉት። ልዩነቱን የምታዩት እዚህ ሰነድ ላይ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሲ9 ላይ ኮሌጁ የገቡትን አዲስ ተማሪዎች የፈተና ውጤት እዩ፤ 25ኛውና 75ኛው ፐርሰንታይል ተጽፏል። 75ኛው ማለት ከመቶው ሰባ አምስቱ ከሱ በታች ያመጡበት ውጤት ነው። የልጃችሁ ውጤት ከ75ኛው በላይ ከሆነ ሜሪት የማግኘት ዕድሉ እውነተኛ ነው። መሀል ላይ ከሆነ ይገባ ይሆናል፣ ቅናሽ ግን አትጠብቁ። በመጨረሻ ሲ7 ላይ «የአመልካቹ ፍላጎት» ታሳቢ ይሆናል ወይ የሚለውን ተመልከቱ። ታሳቢ ነው ካሉ የኮሌጁን ኢሜይል መክፈት፣ በበይነ መረብ ገለጻው ላይ መገኘት፣ ወደ ከተማችሁ ሲመጡ ሄዶ መጨበጥ ይመዘገባል። ኮሌጁ ሜሪቱን ለማይመጣ ልጅ ማባከን አይፈልግም።

4. ዝርዝሩን አውጡ

ከስምንት እስከ አሥር ኮሌጅ ይበቃል። ግማሹ ልጁ ከ75ኛው ፐርሰንታይል በላይ የሆነባቸውና ሜሪት ለብዙ ሰው የሚያደርሱ ይሁኑ። ሁለቱ ትልልቅ ውድድሮች ያላቸው። አንዱ የምትኖሩበት ስቴት ዩኒቨርሲቲ፤ ሌላው ካልተሳካ ለመመለሻ ያስፈልጋል። የቀረውን ልጁ ይምረጥ። ታዋቂ ስም ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን አልቃወምም፤ የሚያስከፍለውን ካልኩሌተሩ ነግሯችሁ፣ ዐይናችሁን ገልጣችሁ ከሆነ።

5. ቀኖቹን በግድግዳ ላይ ስቀሉ

የ11ኛ ክፍል ጸደይ፦ ፈተና፣ ዝርዝር፣ አማካሪውን ማግኘት። ክረምቱን ዋናውን ጽሑፍ መጨረስ። ከዚያ ቀኖቹ ይሮጣሉ። ኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22) ወይም ኖቬምበር 15 ቅድመ ማመልከቻ ይዘጋል። ዲሴምበር 1 (ኅዳር 22) አካባቢ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ የአንዳንድ ትልልቅ ስኮላርሺፖች ማመልከቻ የሚዘጋው ያኔ ነው፣ ከመደበኛው የመግቢያ ቀነ ገደብ አንድ ወር ቀድሞ። ሰው ጃንዋሪ 1 (ታኅሣሥ 23) ነው ብሎ ተኝቶ ስኮላርሺፑ ያልፈዋል። ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) ልጁ የሚገባበትን ኮሌጅ መርጦ መልስ የሚሰጥበት ቀን ነው።

ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ቅድመ ማመልከቻ አስሮ የሚይዝ ውል ነው፤ ከተቀበሉህ ሌሎቹን ትተህ ትገባለህ። እርዳታው ካልበቃ መውጣት ይቻላል፤ ሜሪት ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን አልመክረውም። ልጁ የነሱ መሆኑን አስቀድሞ ከነገራቸው ቅናሽ የሚያደርጉበት ምክንያት ይቀንሳል፣ እናንተም የምታወዳድሩት ደብዳቤ አይኖራችሁም። ኧርሊ አክሽን የሚለው ግን አያስርም፤ ካለ ተጠቀሙበት።

6. ማመልከቻው ላይ ልጁ ራሱ ይታይ

ከሁሉ በፊት የሚታየው የአራት ዓመቱ ውጤትና የወሰዳቸው ኮርሶች ክብደት ነው። ፈተና በፍላጎት ነው የሚሉ ኮሌጆች በዝተዋል፤ ውጤቱ ከ75ኛው በላይ ከሆነ ግን ላኩት፣ ለሜሪት ይረዳል።

በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ኮመን አፕ ላይ ከክፍል ውጭ ለሚሠሩ እንቅስቃሴዎች አሥር ቦታ አለ። የእኛ ልጆች ሁለቱን ሦስቱን ሞልተው «ሌላ ምንም አልሠራሁም» ይላሉ። እስቲ ጠይቋቸው። አያቷን ሐኪም ቤት ወስዳ የምትተረጉምላት ማን ናት? ከትምህርት በኋላ ታናናሾቹን የሚያበላ፣ የቤት ሥራ የሚያሠራ? በአጎቱ ሱቅ ቅዳሜና እሑድ ካሽ ሬጂስተር ላይ የሚቆም? ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን መዝሙር የሚያስጠና? ይህ ሁሉ ይቆጠራል፤ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ ራሱ ፎርሙ ላይ አለ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነም ይጻፍ። በሳምንት 15 ሰዓት የሚሠራ ልጅ ክለብ ውስጥ ስሙ ብቻ ካለ ልጅ ይልቅ ይከበራል።

ዋናው ጽሑፍ ከ650 ቃል አይበልጥም። ወላጆች የስደቱን ታሪክ እንዲጽፍ ይገፋፋሉ፦ በሱዳን በኩል እንዴት እንደመጣን፣ አባት ስንት ዓመት ታክሲ እንደነዳ። ታሪኩ ክቡር ነው፤ ግን የወላጅ ታሪክ ነው። ኮሌጁ የሚቀበለው ልጁን ነው። ካነበብኳቸው ሁሉ ያልረሳሁት አንዲት ልጅ እናቷ ለእንጀራ ሊጥ ስታቦካ እርሾው ለምን በብርድ ወራት እንደሚዘገይ ለማወቅ ሦስት ወር ሙቀት እየለካች የያዘችውን ማስታወሻ የጻፈችው ነው። ስደትም፣ እናትም፣ ኬሚስትሪም እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ስኮላርሺፑ የራሱ ጥያቄ ካለው ዋናውን ጽሑፍ ገልብጦ መላክ አይሠራም። ስኮላርሺፑ ስለ አመራር ከሆነ ስለ አመራር፣ ስለ አገልግሎት ከሆነ ስለ አገልግሎት ይመለስ።

7. ለቃለ መጠይቁ ቤት ውስጥ ተለማመዱ

ትልልቆቹ ስኮላርሺፖች የመጨረሻዎቹን ተወዳዳሪዎች በአካል ወይም በቪዲዮ ያነጋግራሉ። ልጆቻችን እዚህ ሲወድቁ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን አስተዳደጋቸው ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግርህ ዐይንህን ዝቅ አድርግ፣ ስለ ራስህ አታውራ፣ «እኔ እኔ» ማለት ነውር ነው ብለን ነው ያሳደግናቸው። ጠያቂዎቹ ግን ዝምታውን ፍላጎት ማጣት፣ ትሕትናውን ባዶነት አድርገው ይወስዱታል።

በልምምድ ላይ አንዲትን ልጅ የሠራችውን እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። «ሰፈር ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የሒሳብ ማጠናከሪያ አለን» አለች። ማን ጀመረው? ዝም። ቦታውን ከቤተ ክርስቲያኑ ማን ጠየቀ? «እኔ»። ማን ነው መምህራኑን የሚመድበው? «እኔ»። ስንት ልጆች ይመጣሉ? «አርባ»። አርባ ሕፃን በየቅዳሜው የምትሰበስብ ልጅ «አለን» በሚል አንድ ቃል ልታልፈው ነበር።

ጉራ አስተምሩ አላልኩም። የሠሩትን በልኩ፣ በቁጥርና በምሳሌ እንዲናገሩ አለማምዷቸው፤ የሌላው ድርሻ ካለ ስሙን ጠርተው ያመስግኑ፣ የራሳቸውን ግን አይዋጡ። ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ትልቅ ሰው ጋር፣ በእንግሊዝኛ፣ ሦስት አራት ጊዜ ይለማመዱ። ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ለምን የእኛን ኮሌጅ?» የአንድ ፕሮፌሰር ሥራ ወይም የአንድ ኮርስ ስም ይዞ መሄድ «ግቢው ያምራል» ከማለት ይሻላል።

8. ደብዳቤውን በካልኩሌተር አንብቡት

የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ላይ «ጠቅላላ እርዳታ» ተብሎ ብድርና የግቢ ሥራ አብሮ ሊደመር ይችላል። መጀመሪያ ብድሩን አውጡት። ቀጥሎ አራት ነገር ጠይቁ፦ ለስምንት ሴሚስተር ይታደሳል ወይ? እንዲታደስ የሚጠየቀው አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) ስንት ነው? ከውጭ ስኮላርሺፕ ብናገኝ ከዚህ ላይ ትቀንሱብናላችሁ? ልጁ ለአንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ቢማር ይከተለዋል?

ብዙ ሰው የማያሰላው የዋጋ ጭማሪን ነው። ሜሪት አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ መጠን ነው፤ ክፍያው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ዓመታዊ ወጪው 80,000 ዶላር፣ ሜሪቱ 25,000 ነው እንበል፤ ክፍያው በየዓመቱ በ4 በመቶ ያድጋል። አንደኛ ዓመት 55,000 ትከፍላላችሁ። ሁለተኛ ዓመት 58,200፣ ሦስተኛ 61,528፣ አራተኛ 64,989። ጠቅላላው 239,717 ይሆናል፤ 55,000ን በአራት አባዝቶ 220,000 ነው ያለ ሰው ወደ 20,000 ዶላር ጉድለት ይገጥመዋል። በመቶኛ የተሰጠ፣ ለምሳሌ ሙሉ የትምህርት ክፍያ፣ ከቋሚ መጠን የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ታክስም አለ። ከትምህርት ክፍያ፣ ከግዴታ ክፍያዎችና ከመጻሕፍት በላይ የሆነ፣ ማለትም ለመኝታና ለምግብ የሚውል ስኮላርሺፕ እንደ ገቢ ይታያል።

9. ከኢትዮጵያ ለምታመለክቱ

ለናንተ ስሌቱ ይለያል። 25,000 ዶላር ሜሪት ትልቅ ይመስላል፤ የቀረውን 55,000 ቤተሰብ ካልቻለ ግን ቪዛው ጋ አይደርስም። ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን፣ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ የሚሰጠው የመጀመሪያው ዓመት ወጪ መሸፈኑ ሲረጋገጥ ነውና። ስለዚህ ኮመን ዳታ ሴት ላይ ኤች6ን አንብቡ፤ ስንት የውጭ ተማሪ እርዳታ እንዳገኘና አማካዩ ስንት እንደሆነ እዚያ አለ። አማካዩ ከጠቅላላ ወጪው ጋር የሚቀራረብ ኮሌጅ ለናንተ ነው። አምኸርስትና ቦዶይን የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉ የሚጎድለውን ይሞላሉ፤ ውድድሩ ግን እጅግ ጠባብ ነው። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው በግቢው ውስጥ ይሠራል።

ማመልከቻ ክፍያ ካስቸገራችሁ ለኮሌጁ በቀጥታ ጻፉ፤ ብዙዎቹ ያነሱታል። ኮመን አፕ ቀነ ገደቡን የሚቆጥረው አመልካቹ ባለበት አገር ሰዓት ነው፤ መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ ሥር ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በነፃ ያማክራል። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ተመለሱ፤ እውነተኛ ሜሪት የሚያገናኝ ሦስተኛ ሰው የለውም። ኤፍ-1 የሚባለውን የተማሪ ቪዛ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ለመኝታና ለምግብ ከሚሰጠው ስኮላርሺፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14 በመቶ ታክስ ይቀነሳል፤ ከበጀቱ ውስጥ አስገቡት።

10. ይግባኝ በሉ

እኛ ዋጋ ተከራክረን ሸማ የምንገዛ ሰዎች ነን፤ ኮሌጅ ፊት ስንደርስ ግን የተሰጠንን አመስግነን እንወጣለን። ደብዳቤው የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሁለት መንገድ አለ። ገቢያችሁ ከተቀነሰ፣ የሕክምና ወጪ ከመጣ ወይም አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችሁን የምትደግፉ ከሆነ የአቅም ምርመራው እንዲታይ ጠይቁ፤ ይህ ሜሪት በማይሰጡት ኮሌጆችም ይሠራል። ሜሪት በሚሰጡት ደግሞ ተመሳሳይ ደረጃ ካለው ሌላ ኮሌጅ ያገኛችሁትን የተሻለ ደብዳቤ አያይዛችሁ ጠይቁ። ከስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጣ ርካሽ ደብዳቤ ብዙም አያንቀሳቅሳቸውም፤ ተፎካካሪያቸው የሆነ ኮሌጅ ያንቀሳቅሳቸዋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ልጁ ይጻፈው፣ እናንተ ማስረጃውን አያይዙ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ «ስለ ተሰጠኝ ስኮላርሺፕ ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያ ምርጫዬ የእናንተ ኮሌጅ ነው። ነገር ግን ከሌላ ኮሌጅ በዓመት 32,000 ዶላር ተሰጥቶኛል፤ ደብዳቤውን አያይዤአለሁ። ቤተሰቤ በዓመት ሊከፍል የሚችለው ይህን ያህል ነው። ልዩነቱን ማጥበብ ከተቻለ የቦታ መያዣ ክፍያውን ወዲያው እከፍላለሁ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከባድ ናት፤ እውነት ካልሆነች አትጻፍ።

ልጄ ይህን ደብዳቤ የላከው ኤፕሪል 9 ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለለትና በዓመት 6,000 ዶላር ተጨመረለት፤ በአራት ዓመት 24,000 ማለት ነው። የጻፈው ሃያ መስመር አይሞላም። መያዣውን ኤፕሪል 29 ከፈልን።